ያላለቀሰችው ልጅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ አመል አልለቀኝ ብሏል። ሰው ሲያናግረኝ እግሩን አያለሁ። አውቶቡስ ውስጥ፣ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ፣ ሠርግ ቤት ሳይቀር ዓይኔ ቁልቁል ይሄዳል። ልጄ ኦሪት «እማ፣ ጫማ ልትሰርቂ የምታጠኚ ነው እኮ የምትመስይው!» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። እኔ የማየው ጫማውን ሳይሆን ውስጡ ያሉትን ጣቶች ነው፤ ተዘርግተዋል ወይስ ተጨብጠዋል? ክፍት ጫማ ያደረገ ሰው ካጋጠመኝማ የልቡን ሳልጠይቀው አውቄለት እወርዳለሁ።

ይህን ያስተማረኝ ሥራዬ ነው። እስራኤል አገር፣ ቤርሼቫ ውስጥ የሕፃናት ጥርስ ሐኪም ረዳት ነበርኩ፤ በዚህ አገር አጠራር «ሳያዓት» ይሉናል። ሐኪም ይሠራል፣ ሳያዓት ታቀብላለች፣ ምራቅ ትመጥጣለች፣ መብራት ታስተካክላለች፤ ከሁሉ በላይ ልጁን ታባብላለች። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ አማርኛ ለሚናገሩ ወላጆች አስተርጓሚ ነበርኩ። ለዚህኛው የሚከፍለኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ከጎንደር ገጠር ተነስተን፣ በሱዳን አድርገን፣ መጨረሻ ላይ ያረፍነው ቤርሼቫ ነው። ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ሰጡን። ዛሬም እዚያው ነኝ፣ ደረጃውን እየረገምኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ጽዳት ነበር፤ የአንድ ትልቅ የጥርስ ክሊኒክ ወለል እወለውል ነበር። አንድ ቀን አንዷ ረዳት ሥራ ላይ እያለች ምጥ ያዛትና «አንቺ፣ እጅሽን ታጥበሽ ነይ» ተባልኩ። ታጥቤ እንደገባሁ ቀረሁ። ኋላ ኮርስ ላኩኝ። የጥርሱን ስም በዕብራይስጥ ስሸመድድ ነፍሱን ይማረውና ባሌ «የከብቶቻችንን ስም እንኳ እንዲህ አጥንተሽ አታውቂም» ይለኝ ነበር። ደሞዙ ከጽዳቱ እምብዛም አይሻልም። ነጩ ጋውን ግን ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

የመጀመሪያው አለቃዬ እጀ ፈጣን ሐኪም ነበሩ። «ያዢው» የምትል አንዲት ቃል ነበረቻቸው። ልጁ ከተንፈራገጠ እኔ እጁን፣ ሌላዋ ረዳት ራሱን እንይዛለን፤ ልጁ ይጮሃል፣ ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ልጁ በላብ ተጠምቆ ይወጣል። ክፉ ሰው አልነበሩም። በበዓል ለልጆቹ መጫወቻ ከኪሳቸው ይገዙ ነበር። እሳቸውም እንዲያ ነው የተማሩት። እጄን ያሠለጠንኩት በእሳቸው ነው፤ መርፌውን ከልጁ ዓይን ሰውሮ በአገጩ ሥር ማቀበል፣ የምራቅ መምጠጫውን ጉሮሮ ሳያስነካ ጉንጭ ውስጥ ማሳረፍ፣ ለጊዜው ጥርስ የሚሞላበትን ዱቄት ከቅርንፉድ ዘይት ጋር በብርጭቆ ላይ ማሸት። ይኼኛው የዋዛ አይደለም። ከቀጠነ አይይዝም፣ ከወፈረ ጥርሱ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። በማሻው ጫፍ ብድግ ሲደረግ እንደ ማር ክር ሠርቶ መሳብ አለበት። ማታ ቤት ስገባ ልብሴም ፀጉሬም ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይል ነበርና ልጆቼ ገና በሩን ስከፍት ያውቁኝ ነበር።

የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ወደ ዶክተር ኢና ክሊኒክ ተዛወርኩ። ክሊኒኩ ሃዒር ሃዓቲቃ፣ ማለት አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ነበር፤ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ማረፊያ። ዶክተር ኢና ከሩሲያ የመጡ፣ አጭር፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናቸው። ዕብራይስጣቸው እንደ እኔው ስብርብር ያለ ስለነበር እኔና እሳቸው ስንግባባ ሌላው ሰው ግራ ይገባው ነበር። ዕብራይስጥ «አንቱ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ እኔ ግን በልቤ አንድም ቀን «አንቺ» ብያቸው አላውቅም።

የእሳቸው ትልቁ ሥራ ጥርስ መሙላት ሳይሆን መወሰን ነበር። ትንሽ ልጅ ብዙ ጥርሱ ተበልቶ ሲመጣ መንገዱ ብዙ ነው። ነቅቶ፣ ድዱን ብቻ በመርፌ አደንዝዞ መሥራት አለ። በአፍንጫ የሚሳብ፣ ልጁን ዘና የሚያደርግ፣ «የሳቅ ጋዝ» የሚሉት አለ። የሚያፈዝ ሽሮፕ ማጠጣት አለ። ሆስፒታል ወስዶ፣ የማደንዘዣ ሐኪም ባለበት ሙሉ በሙሉ አስተኝቶ በአንድ ቀን ሁሉንም መጨረስም አለ። ወላጅ ሁሉ መጥቶ «የቱ ይሻላል?» ይላል። ዶክተር ኢና ግን «የቱ ይሻላል የሚባል የለም፣ ለዚህ ልጅ የቱ ነው?» ባይ ናቸው። ዕድሜውን፣ ክብደቱን፣ የጥርሱን ብዛት ያያሉ፤ ደረቱን ያዳምጣሉ፣ ጉሮሮውን በባትሪ ያበሩበታል። «ሲተኛ ያንኮራፋል?» ብለው ሲጠይቁ ወላጆች «እንዴታ፣ እንደ አባቱ!» ብለው ይስቃሉ። እሳቸው አይስቁም። የሚያንኮራፋ ልጅ ሽሮፕ ጠጥቶ ሲፈዝ ትንፋሹ ሊጠብ ይችላልና የሽሮፑን ጠርሙስ ወደ ቁም ሳጥኑ ይመልሱታል።

ሽሮፑም ራሱ የሚታመን አልነበረም። አንዱን የአራት ዓመት ጎረምሳ ዐልፎ ዐልፎ እንደሚሆነው ተገለበጠበትና በማፍዘዝ ፈንታ አሳበደው። እየዘፈነ፣ እየሳቀ፣ እየተራገጠ የዶክተር ኢናን መነፅር አሽቀንጥሮ ጣለው። እሳቸው መነፅራቸውን ከወለሉ አንስተው «ዛሬ ሱቁ ዝግ ነው» አሉና ልጁ እስኪረጋጋ እቅፋቸው ውስጥ አድርገው አብረውት ዘፈኑ። መያዝ የሚባል ነገር እሳቸው ጋ የለም።

ሌሎች አመሎችም ነበሯቸው። ወላጅ ሲያናግሩ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛቸውን አውልቀው የልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ይቀመጡና እናትና አባትን ሽቅብ እያዩ ያወራሉ። ማስተኛት ከተነሳ በዚያው ቀን አይወሰንም፤ ወላጅ ቤቱ ሄዶ፣ አስቦ፣ ተመልሶ መምጣት አለበት። ልጁ ሆዱን ባዶ አድርጎ በሚመጣበት ጠዋት ደግሞ እሳቸውም ቁርስ አይቀምሱም። እኛም ጠዋት የለመድናትን ቡና እንድንጠጣ አይፈቅዱም። «የተራበ ልጅ ፊት ቡና አይሸትም» ይላሉ። እኔ ያለ ቡና ራሴን ስለሚያመኝ በእነዚያ ጠዋቶች በሆዴ አማቸው ነበር።

ጫማ ማስወለቁ ግን መጀመሪያ አልነበረም። እሱ የመጣው በሰናይት ነው።

ሰናይትን ያመጣኋት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። አያቷ እማማ ዝማም ጎረቤቴ ነበሩ። ወደዚህ አገር ለመግባት ጎንደር ከተማ ውስጥ ዓመታት ተራቸውን ሲጠብቁ ቆይተው በቅርቡ ከገቡት አዲስ መጤዎች ናቸው። ከእኛ ከነባሮቹ መካከል እነሱን በጎሪጥ የሚያይ አልጠፋም፤ እኔ ግን የእማማ ዝማም አነጋገር የእናቴን እያስታወሰኝ ስፈራ ስቸር ወዳጃቸው ሆንኩ። ልጃቸው ደሳለኝ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ያሽጋል፤ ሚስቱ በሕይወት እንደሌለች ከጎረቤት ሰምቻለሁ። ሰናይት የእሱ ልጅ ናት፣ አምስት ዓመት ገደማ። አንድ ቀን እማማ ዝማም ደረጃ ላይ ይዘውኝ «ጥሩዬ፣ የዚህች ልጅ ጥርስ በልቶ አለቀ፤ በአንድ ጎኗ ብቻ ነው የምታላምጥ» አሉኝ። አሳዪኝ ስላት አፏን በመዳፏ ሸፍና አንገቷን ደፋች። እኛ አገር ሴት ልጅ ሰው ፊት አፏን አትከፍትም፤ ስትስቅ እንኳ በእጇ ትከልላለች። እኔም እንዲያ ነው ያደግኩት።

ዶክተር ኢና ሲያዩዋት ስድስት ጥርስ የተበላ ሆኖ አገኙት። አባትየውን «በሽሮፕ ወይም ሆስፒታል አስተኝተን ብንሠራስ?» ብለው ጠየቁት። ደሳለኝ መሬት መሬት እያየ «ዶክተር እንዳሉ» አለ። ቆየት ብሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእኔ ጨመረልኝ።

«ባያስተኟት ደስ ይለኝ ነበር፣ እህቴ። ልጄ ጠንካራ ናት፤ አታለቅስም።»

ተረጎምኩ። በሳምንቱ እንደ ደንቡ ተመልሶ መጣና ያንኑ አለ። እውነትም ሰናይት ወንበሩ ላይ ስትወጣ ድምፅ አልነበራትም። እጆቿን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጣሪያ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። የሌላው ሰው ልጅ ገና ከደረጃው ሥር እየጮኸ ሲመጣ የእኛይቱ እንዲህ መሆኗ ኩራት ኩራት አለኝ። ዶክተር ኢናም ተደሰቱ። «እንዲህ የምትረጋጋ ልጅ በመድኃኒት ለምን አፈዛታለሁ?» አሉ። በጋዝና በመርፌ ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ።

መጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። ድዷን ከማደንዘዛችን በፊት ለሁሉም ልጅ የምንለውን አልናት፦ «አሁን ጥርስሽ እንቅልፍ ይተኛል።» ምንም አላለችም። ስትወርድ ተጨበጨበላት፣ «ኮል ሃካቮድ!»፣ ጎበዝ ማለት ነው፣ ተባለላት፣ ስቲከር ተሰጣት። ሁለተኛው ቀን ግን ሥራው ረዘመ፤ የመንጋጋ ጥርስ ነው፣ ነርቩ ተነክቷል። አሁንም ድምፅ የለም። ዶክተር ኢና «ጀግና፣ ጀግና» እያሉ ጨረሱ። መብራቱን ሳርቅ ሰናይት ቀስ ብላ ወረደች፣ ቀሚሷን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች፣ ከዚያ እንደተማረችው ጎንበስ ብላ ለዶክተር ኢና እጅ ነሳች።

ወንበሩ ረጥቦ ነበር። ቀሚሷም። በጋ ስለነበር ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው። የእግሯ ጣቶች እንደ ጡጫ ተጨብጠው ቀርተው፣ ወደ በሩ ስትሄድ እንኳ አልተፈቱም፤ በተጨበጡት ጣቶቿ ላይ ነበር የምትራመደው።

እማማ ዝማም ልጅቷን ይዘው ከወጡ በኋላ ዶክተር ኢና ጓንታቸውን ሳያወልቁ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ወንበሩን እጠርጋለሁ።

«አፏን ብቻ ነው ያየሁት» አሉ በመጨረሻ። «ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ የምትጮህ ልጅ ብቻ የምትፈራ መሰለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጥሩ። የአንቺ አይደለም፣ የአባቷም አይደለም።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ይብሳል። ሰናይት መናገር ተወች። ቤትም፣ መዋለ ሕፃናትም ቃል አይወጣትም። ስትተኛ ሁለት እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። እማማ ዝማም እቤቴ ድረስ መጥተው «ጥሩዬ፣ የልጄ ድምፅ የት ገባ?» አሉኝ። በዚያ ላይ ካልተሠሩት አራት ጥርሶች አንዱ መግል ቋጠረና ጉንጯ አበጠ፣ ትኩሳት ያዛት። ዶክተር ኢና መድኃኒት ሰጥተው ትኩሳቱን አበረዱት፤ ግን እብጠቱ የጎደለው ለጊዜው ነው፤ ጥርሶቹ ካልተሠሩ ዳግመኛ መምጣቱ አይቀርም። ነቅታ ሳለች ወንበሩ ላይ ማውጣት ከእንግዲህ የማይታሰብ ነው። ሆስፒታል መተኛት አለባት። አባትየው ደግሞ «አታስተኟት» ብሏል።

ዶክተር ኢና ደሳለኝን ያለ ልጅቷ አስጠሩት። ከሥራ በቀጥታ፣ የፋብሪካ ቱታውን እንደለበሰ፣ ከእናቱ ጋር መጣ። ዶክተር ኢና ትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሽቅብ አዩትና ስለ ጥርስ አላወሩም።

«ልጅህ ዝም ስትል ያልፈራች መስሎኝ ተሳሳትኩ» አሉት። «አንተም አታስተኟት ብለህ ዝም ስትል ለምን ብዬ አልጠየቅኩህም። ዛሬ ልጠይቅህ ነው። ለምን?»

ተረጎምኩ። ደሳለኝ ኮፍያውን በእጁ ያሻሻል። እማማ ዝማም ናቸው ጎኑን በክርናቸው ነካ ያደረጉት።

«ንገራቸው እንጂ ልጄ! እስከ መቼ ይዘኸው?»

እንዲህ ብሎ ጀመረ፦ «እናቷን… ጎንደር ሳለን ነው። ምጥ ጠንቶባት ዘግይተን ሆስፒታል አደረስናት። አስተኝተው ሊገላግሏት ገቡ። አልነቃችም። ሕፃኑም አልተረፈ።» ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «ሰናይት ደጅ ላይ ነበረች። መጮህ ስትጀምር ‹ዝም በይ፣ እናትሽ ተኝታለች፣ እንዳትቀሰቅሻት› አልናት። ምን እንበላት? ከዚያ ወዲህ እዚያው ተኝታለች፣ ሲሻላት ትመጣለች ነው የምንላት። እስካሁን መርዶዋን አልተረዳችም።»

ይህን ለዶክተር ኢና መተርጎም ቀላል አልነበረም። እኛ ዘንድ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ሰው ቀን ተመርጦለት፣ ዘመድ ተሰብስቦለት፣ የሚደግፈው በግራ በቀኝ ቆሞለት ነው የሚረዳው፤ እስከዚያ ዓመትም ቢሆን ይደበቅለታል። ልጅ ሲሆን ደግሞ የሚነግር ሰው ይጠፋል። ይህ ጭካኔ አይደለም፣ ማዘን ነው። ዶክተር ኢና እስክጨርስ ሰሙኝና ፊታቸውን በመዳፋቸው ይዘው «እኛ ደግሞ ጥርስሽ እንቅልፍ ይተኛል እያልን…» ብለው ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ቀሩ።

ከዚያ የተናገሩትን ግን ዛሬም አልረሳውም። «እናቷ ተኝታለች ተብላ የምትጠብቅን ልጅ እኔ ላስተኛ አልችልም። እያወቀች መተኛት አለባት። አለዚያ ሰውነቷ ይተኛ ይሆናል፣ እሷ ግን እንደ እናቷ ላልመለስ ነው ብላ ነው የምትሄደው። መጀመሪያ ንገራት። እንዴት እንደሚነገር እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔ አላውቅም። ቀኑን እናንተ ቁረጡ፤ እኔ እስክትነግሩኝ ሆስፒታል አልቀጥርም። ብቻ ጉንጯ ካበጠ በዚያው ሰዓት አምጧት።»

ደሳለኝ «ብትሰበርብኝስ?» አለ።

እማማ ዝማም ቀደሙኝ። «እስካሁን ምኗ ተርፎ ነው ልጄ?»

መርዶውን ያረዷት ሰንበት ካለፈ በኋላ በማለዳ ነው። ዘመድ ከየሰፈሩ ተሰበሰበ፣ እኔም ነበርኩ። ደሳለኝ ጭኑ ላይ አስቀምጧት ነገራት፤ እናትሽ አልተኛችም ልጄ፣ ሞታለች፣ አትመለስም። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ሰናይት ግን አላለቀሰችም። አንድ በአንድ ፊታችንን አየች። ከዚያ ከአባቷ ጭን ወረደችና እኔ ጋ መጥታ ቀሚሴን ያዘች። ጎንበስ አልኩላት። በስንት ሳምንት የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነው፣ በጆሮዬ የነገረችኝ፦

«እኔስ እነቃለሁ?»

«ትነቂያለሽ» ብዬ አልመለስኩላትም፤ ዶክተር ኢና ራሳቸው ይመልሱልሽ ብዬ በማግስቱ ወሰድኳት። እሳቸው አቅፈው አልሳሟትም፣ «አይዞሽ» አላሏትም። የመተንፈሻውን ጭንብል እጇ ላይ አስቀመጡላት። «እዚያ አንድ ሐኪም አለ» አሏት፤ «ጥርስ አይነካም። ሥራው ራስሽ አጠገብ ተቀምጦ ትንፋሽሽን መጠበቅ ነው። ሽንት ቤት እንኳ አይሄድም። እናትሽ በጣም ታማ፣ ዘግይታ ነው የገባችው። አንቺ ጥርስሽን ነው የታመምሽው፣ ሌላው ሰውነትሽ ጤነኛ ነው። ስንጨርስ እሱ መድኃኒቱን ያቆምልሻል፣ አባትሽ በስምሽ ይጠራሻል።» ሰናይት ጭንብሉን አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው። ከዚያ አንገቷን ነቀነቀች። ደሳለኝም ነቀነቀ። ውሳኔው ያን ዕለት ነው የተወሰነው።

በሆስፒታሉ ቀን ጠዋት ልጠራቸው ስገባ የእማማ ዝማም ቤት ምድጃ እንዳልተለኮሰ አየሁ። ልጅቷ ውሃም እንዳትቀምስ ስለተባለ ከቤቱ ሰው አንድም ሰው እህል አልቀመሰም። «እሷ ርቧት እኛ ምን ቆርጦን እንበላለን?» አሉኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ይህን ለዶክተር ኢና ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ገና ቡናቸውን አልጠጡም። እማማ ዝማምን አዩና በእጃቸው ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ፤ እማማም የራሳቸውን መታ መታ አደረጉ። ሁለቱ የተግባቡት እዚያ ላይ ነው፣ ያለ እኔ ትርጉም።

ሰናይት አልጋው ላይ ስትወጣ ዶክተር ኢና ጫማዋን በእጃቸው አወለቁላት። ጣቶቿ እንደዚያን ዕለት ተጨብጠው ነበር። «እዚህ ነው ያለችው፣ እዚህ ያዛት» አሉት ደሳለኝን። እሱ ሁለቱንም እግሮቿን በትላልቅ መዳፎቹ ውስጥ አስገባ። ማንም አልቸኮለም። የማደንዘዣው ሐኪም፣ ረጅም ፂማም ወጣት፣ ጭንብሉን ይዞ ቆሞ ጠበቀ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲፈቱ ደሳለኝ ነው ቀድሞ ያወቀው። «ለቀቀች» አለ። ከዚያ ነው ጭንብሉ የቀረበላት።

ሦስቱ ጥርሶች ተሠሩ፤ መግል የያዘው ተነቀለ። ዶክተር ኢና በሥራው መካከል ያለ ወትሯቸው ደጋግመው ወደ መቆጣጠሪያው ማያ ቀና ይሉ ነበር። እኔ የቅርንፉዱን መሙያ ሳሽ እጄ ላይ ሁለቴ ደረቀብኝ፤ ጀማሪ ሳለሁ እንኳ እንዲያ ሆኖብኝ አያውቅም።

መንቂያው ክፍል ደሳለኝ ራስጌዋ ተቀመጠ። «ሰናይት» አለ። ዝም። «ሰኒ፣ ልጄ።» ዓይኗ ተከፈተ፣ ተከደነ፣ ተከፈተ። አባቷን አየችው። እጇን አነሳችና ገና የደነዘዘ ከንፈሯን ነካች። ከዚያ አፏ ተከፈተ፣ ሳትሸፍነው፣ እስከ ጉሮሮዋ ድረስ፤ ጮኸች። እንዲያ ያለ ለቅሶ ከአንድ ፍሬ ልጅ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «እማዬን! እማዬን!» ትላለች። ነርሷ ሮጣ መጥታ «ሲነቁ ያለቅሳሉ፣ የመድኃኒቱ ነው፣ ዝም አሰኟት» አለችኝ። ለደሳለኝ ተረጎምኩለት።

«አይ» አለ እሱ እንባው እየወረደ። «የመድኃኒቱ አይደለም። ዝም አላሰኛትም።» አንስቶ ደረቱ ላይ አስጠጋትና «አልቅሺ የእኔ ልጅ፣ አልቅሺ፣ ማንም አልተኛም» አላት።

እማማ ዝማም በሩ ላይ ሆነው እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ለቅሶ ቀደማቸው። ዶክተር ኢና መስኮቱ ጋ ዞረው ቆመው ነበር። እኔም ተንሰቀሰቅኩ፤ ደስታ ነበር፣ ምን ልበለው ሌላ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ክሊኒካችን ውስጥ ጫማ ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ የወጣ ልጅ የለም። እኔ እግርጌ ሆኜ ጣት እጠብቃለሁ፤ ከተጨበጡ እጄን አነሳለሁ፣ ዶክተር ኢና ያቆማሉ። ሽሮፕም ይሁን ጋዝ፣ መተኛትም ይሁን መተው፣ ከዚያ ተነስተን እንነጋገር ነበር። አዳዲሶቹ ረዳቶች መጀመሪያ ይስቁብናል፣ በወሩ ራሳቸው የጫማ ክር ሲፈቱ ታገኛቸዋለህ። እሳቸው ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጡ። አሁንም በስልክ እንገናኛለን፤ ዕብራይስጣችን እንደተሰባበረ ነው።

ሰናይትን የመጨረሻ ጊዜ ክሊኒኩ ውስጥ ያየኋት ለምርመራ ስትመጣ ነው፤ አዲሶቹ ጥርሶቿ ወጥተው፣ ቁመቷ ተመዞ፣ ትምህርት ቤት የምትለፈልፍ ናት እየተባለች የምትከሰስ ሆና። አባቷና አያቷ ይዘዋት መጡ። ወንበሩ ላይ ዘላ ወጣች። እኔ እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ የጫማዋን ክር መፍታት ስጀምር እግሯን ሰበሰበችና በዕብራይስጥ «ዐዝቢ፣ ጥሩ! ኢም ኤፍሓድ፣ አኒ አጊድ ላኽ» አለችኝ። ተዪው፣ ከፈራሁ እኔው እነግርሻለሁ ማለቷ ነው።

እማማ ዝማም ዕብራይስጡ ባይገባቸውም ድምፁ አልጣማቸውም። «ኧረ ጉድ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ይናገሩታል?» ብለው ተቆጧት። ደሳለኝ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ይስቅ ነበር። «ይተዋት እናቴ» አለ፤ «ትናገር።»

እኔም ፈትቼ የነበረውን ክር መልሼ አሰርኩላት።